ቁልፉ በማን እጅ ይደር?

ዛሬ አንድ ወጣት አንድን ጽሑፍ የሚያነብበት መሣሪያ አንድ ብቻ አይደለም። ጠዋት በስልኩ የጀመረውን የትምህርት ማስታወሻ ከሰዓት በኋላ በጓደኛው ላፕቶፕ ይቀጥለዋል፤ ማታ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ይከፍተዋል፤ ሊያሳትመው ሲፈልግ ደግሞ በፍላሽ ገልብጦ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወስደዋል። ጽሑፉ ያው አንድ ጽሑፍ ነው፤ የሚገባበት በር ግን አራት ሆኗል። እያንዳንዱ በር ለባለቤቱ ምቾት ነው፤ ለሌላ ሰውም መግቢያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ስንት በር እንክፈት፣ የትኛውን እንዝጋ፣ ቁልፉስ በማን እጅ ይደር የሚለውን ነው።

ጥያቄው ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። መጽሐፍ በብራና ይጻፍ በነበረበት ዘመን አባቶቻችን ሲያስቡበት ኖረዋል። ለዕለት አገልግሎት የሚፈለገው መጽሐፍ በማኅደሩ ተከትቶ ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲፈለግ እጅ ተዘርግቶ ይወርዳል። ብርቅ የሆነው ግን ዕቃ ቤት ይገባል። ሊያየው የፈለገ ሰው ቁልፍ ያዡን መፈለግ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለትና ሦስት ቁልፍ ያዦች አንድ ላይ እስኪገኙ መጠበቅ አለበት። በሳይንት እንዳለችው እንደ ተድባበ ማርያም ያሉ ጥንታውያን ደብሮች ብዙ ቅርስ ይዘው እስከ ዛሬ የቆዩት ይህን በመሰለ ጥንቃቄ ነው፤ ሩቅ መንገድ መጥቶ ሳያይ የተመለሰ ተመራማሪ ቅር ቢለውም። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አባቶች ሁሉንም መጽሐፍ በአንድ ዓይነት ቁልፍ አልቆለፉም። የዕለቱን ከብርቁ ለዩ፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ጥበቃ ሰጡት።

ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ስፍራ ያሰባሰቧቸውን ብዙ መጻሕፍት በመቅደላ አምባ አኑረው ነበር። አምባው በገደል የተከበበ ነውና ጥብቅ ነበር፤ መጻሕፍቱም በአንድ ቦታ መገኘታቸው ለሚፈልጋቸው አመቺ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ግን፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰበው በአንድ ጊዜ ለዘረፋ ተጋለጠ። ከዚያ ከተወሰዱት ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ይኸው ቤተ መጻሕፍት በቅርብ ዓመታት ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን ፎቶ እያነሣ በኢንተርኔት አወጣቸው። ለንደን መሄድ ለማይችል የመካነ ሰላም ተማሪ፣ ከመቅደላ የወጣውን ብራና በስልኩ ላይ ገጽ በገጽ ማየት ተቻለ። መጽሐፉ ባይመለስም ምስሉ ተመለሰ ማለት ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን ራይሲዳ የተባለ የመረጃ ዘራፊዎች ቡድን የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒዩተሮች ሰብሮ ገባ። 600 ጊጋባይት ያህል ፋይል ገልብጦ ወሰደ፤ ገንዘብ ጠየቀ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም ሲለው ከሠራተኞች የግል መረጃ ጭምር ያለበትን ፋይል በይፋ በተነው። የብራናዎቹም ምስል ለብዙ ወራት ከኢንተርኔት ጠፋ። እንግዲህ የመቅደላ መጻሕፍት ሁለት ጊዜ ከዓይናችን ተሰወሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ስለ አደጋው ራሱ ዘገባ አወጣ። ዘገባው ጥፋቱን ሳይሸፋፍን በመናገሩ ሊመሰገን ይገባዋል። እንደ ዘገባው ከሆነ ዘራፊዎቹ የገቡት፣ የውጭ ተባባሪ ድርጅቶችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው እንዲሠሩ እ.ኤ.አ. በ2020 በተተከለ ኮምፒዩተር በኩል ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ዓመት ቤተ መጻሕፍቱ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ይህን በር ለሥራ አመቺነት፣ ለወጪና ሥራ እንዳይስተጓጎል ሲባል ከግዴታው ውጪ ተወው። ይህን የወሰኑ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሌሎች በሮችን በሁለት ቁልፍ ቆልፈው ነበር። ለሥራ የሚመቸውን ግን በአንድ ቁልፍ ተዉት፤ ሌባም የሚገባው በጠነከረው በር አይደለም።

የይለፍ ቃል የሚባለውስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው የምርምር ተቋም ብዙ ሰዎች በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ይጠቀሙ ነበር። ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባሉት ሊቅ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፋይል ከሌላው እንዲለይ ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል እንዲሰጠው አደረጉ። ለተጠቃሚዎች የተፈቀደው ጊዜ የተመጠነ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አለን ሼር የሚባል ተመራማሪ ሰዓቱ አልበቃ ስላለው የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል የተመዘገበበትን ፋይል አሳትሞ ወሰደና በሌሎች ሰዓት መሥራት ጀመረ። የይለፍ ቃል ከተፈጠረ ገና ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ ሥራውን ለመጨረስ ቸኩሎ እንጂ። እኛ በየዶርማችን የምናየው ግማሹ ነገር ከዚህ ብዙም የሚርቅ አይመስለንም።

ወደ እኛ ስልክ እንመለስ። አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ቴሌግራም በነገሩ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። በቴሌግራም የምንጻጻፈው ተራ መልእክት በድርጅቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል። በዚህም ምክንያት ስልካችን ቢሰበር እንኳ በሌላ ስልክ ቁጥራችንን አስገብተን ስንገባ፣ የመዝሙር ጥናቱ ድምፅ፣ የመምህሩ ማስታወሻ፣ የሦስት ዓመት ወሬ ሁሉ እንዳለ እናገኘዋለን። በአንጻሩ ምስጢራዊ ውይይት የሚባል ሌላ ክፍል አለ። በዚህ የሚጻፈው ከሁለቱ ተጻጻፊዎች ስልክ በቀር በሌላ ቦታ ሊነበብ አይችልም፤ ድርጅቱም ሊያነበው አይችልም። ነገር ግን በላፕቶፕ አይከፈትም፤ ስልኩ ከጠፋ ወይም ባለቤቱ ከአካውንቱ ከወጣ አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ አንዱ መተግበሪያ ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ምርጫውን ለእኛ ትቶልናል። ብዙ ሰው ግን ሁለተኛው መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ የቡድን ውይይታችንም ከተራው ወገን መሆኑን ልብ አይልም። ዋትስአፕ መልእክቱን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መቆለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ስልኩ ከመሥመር ላይ ሳይሆን በሌሎች አራት መሣሪያዎች እንዲከፈት ለማድረግ እስከ 2021 ወስዶበታል። ሁለቱን ማስታረቅ ለትላልቅ ድርጅቶችም ቀላል አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ በየቀኑ የምንሰማውን አደጋ እንመልከት። አንድ ቀን ከምታውቁት ሰው መልእክት ይደርሳችኋል፤ «ለውድድር ድምፅ ስጭኝ» ወይም «በስሕተት ወደ አንተ የተላከ ቁጥር አለ፣ ላክልኝ» ይላል። ላኪው ግን ያ የምታውቁት ሰው አይደለም፤ የእርሱን አካውንት አስቀድሞ የነጠቀ ሌባ ነው። ሌባው የእናንተን ስልክ ቁጥር በራሱ መሣሪያ ላይ አስገብቷል፤ የመግቢያው ኮድ ወደ እናንተ መጥቷል፤ እርሱም እየለመነ ያለው ያንኑ ኮድ ነው። ኮዱን የሰጠ ሰው ቤቱን ከነዕቃው አስረከበ ማለት ነው፤ ቀጥሎም በስሙ ከወዳጆቹ ሁሉ ብድር ይለመናል። ይህ ሊሆን የቻለው ቴሌግራም በየመሣሪያው በቀላሉ እንዲከፈት ተደርጎ በመሠራቱ ነው። ምቾቱ ራሱ ነው በሩ።

መድኃኒቱ ግን ምቾቱን መተው አይደለም። በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን መክፈት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን አያስገባም፤ እናንተ ብቻ የምታውቁት ሌላ ቃል ይጠየቃል። በየቀኑ አይጠይቃችሁም፤ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ብቻ ነው። ለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ የሚገኘው ጥበቃ ብዙ ነው። በዚያው ማስተካከያ ውስጥ መሣሪያዎች የሚል ዝርዝር አለ፤ አካውንታችሁ በአሁኑ ጊዜ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያሳያል። የማታውቁትን ካያችሁ ወዲያው አስወጡት። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሩን ወዲያው ሊያስወጣ ስለማይፈቀድለት፣ ቀድሞ የደረሰ ባለቤት ሌባውን ሊያስወጣ ይችላል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በጓደኛ ላፕቶፕ ከፍቶ ሳይዘጋ የሄደ ሰውም፣ ተመልሶ መሄድ ሳያስፈልገው ከስልኩ ላይ ሆኖ ሊዘጋው ይችላል። በቱሉ አውሊያም ሆነ በመካነ ሰላም ግቢ የምንማር ሁሉ ይህን ዝርዝር ዛሬ ማታ ብንከፍተው ሳንደነቅ አንቀርም።

ከገጠር ስለሚመጡ ወላጆቻችን ስልክ ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ በገበያ ቀን ከተማ ወጥቶ ስልክ ሲገዛ፣ ባለሱቁ ኢሜይል ይከፍትለታል። ስሙንም የይለፍ ቃሉንም የሚመርጠው ባለሱቁ ነው፤ ገዢው አንዱንም አያውቀውም፣ በወረቀትም አይጻፍለትም። ለዕለቱ ምቹ ነው፤ ስልኩ ወዲያው ሠራ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአንድሮይድ ስልኮች ለሌባ መከላከያ የሆነ ዘዴ አላቸው፤ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋና እንደ አዲስ ሲነሣ፣ መጀመሪያ የነበረውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የስልኩን መክፈቻ የረሱ አባት አስጠፍተው ሊያስነሡት ሲሞክሩ፣ ለሌባ የተዘጋው በር በባለቤቱ ላይ ይዘጋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ባለሱቁ አንዱን ኢሜይል በብዙ ስልክ ላይ ሲከፍት ነው፤ የአንዱ ሰው የስልክ ማውጫ በሌላው ስልክ ላይ ይታያል፤ ፎቶግራፉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ስልክ ስትገዙ ኢሜይሉን እናንተ ክፈቱት፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር አስቀምጡት። በወረቀት መጻፍ ክልክል ነው የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። እኛ አንስማማም። በቤት ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ለሩቅ ሌባ አይደረስበትም፤ ለረሳ ባለቤት ግን ይደርሳል።

የቴሌብርም ነገር እንዲሁ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም *127# ተብሎ ይሠራል። ይህ ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ እናት ደሴ ላለው ልጇ ገንዘብ ለመላክ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው መፈለግ ቀረላት። ታዲያ የምስጢር ቁጥሩን ለማንም አትንገሩ የሚለው ማስጠንቀቂያ ለሚያነብ ሰው ትክክል ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናት ግን ምን ይጠቅማቸዋል? ቁጥሩን ካልነገሩ መላክ አይችሉም፤ ከነገሩ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ጣሱ። በተግባር የሚሆነው ስልኩንም ቁጥሩንም ለባለሱቁ መስጠት ነው። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፤ የሚያግዛቸው ሰው መኖሩ ካልቀረ ባለሱቅ ሳይሆን ከቤት አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፤ ሁለትና ሦስት ልጆች አይሁኑ። በስልኩ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለወር የሚበቃ እንጂ የበሬ ሽያጭ አይሁን። ቁጥሮችን ለይቶ መጫን የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ራሳቸው ብቻቸውን እንዲጫኑ አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ ማለማመድ ነው። ይህን ለማስተማር ከእናንተ የተሻለ ሰው አናውቅም። ስልኩ ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውሎ ሲም ካርዱን ማዘጋት ያስፈልጋል፤ የቴሌግራሙም ኮድ የቴሌብሩም አገልግሎት በዚያችው ሲም ላይ ነውና።

ስለ ቁጥሩ ራሱ ጥቂት እንበል። አራት አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር 10,000 ዓይነት፣ ስድስት አኃዝ ያለው 1,000,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሁለት አኃዝ ብቻ መጨመር ሥራውን መቶ እጥፍ ያከብደዋል። የልደት ዓመት የመረጠ ሰው ግን ከአሥር ሺሁ ውስጥ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የሚጠለለው። ረዘም ላለው የይለፍ ቃል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢል በር የሚባሉ አሜሪካዊ ባለሙያ ቃሉ በምልክትና በቁጥር የተደባለቀ እንዲሆን፣ በየጊዜውም እንዲለወጥ የሚያዝ መመሪያ ጽፈው ዓለም ሁሉ ተከተላቸው። በ2017 ግን ከዚያ ምክራቸው በብዙው መጸጸታቸውን ተናገሩ፤ የአገራቸው የደረጃ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በየሦስት ወሩ ለውጥ ሲባል መጨረሻው ላይ 1 የነበረውን 2 ያደርገዋል። ዛሬ የሚመከረው ረዘም ያለ፣ ለማስታወስ የሚቀል፣ ለሌላ ሰው ግን የማይገመት የቃላት ስብስብ ነው። ለምሳሌ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ቃላት መደርደር ይቻላል። የክርስትና ስማችሁንና ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን የዳዊት መጀመሪያ አትምረጡ፤ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሁሉ ይገምተዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌባ ነው። እኛ አገር ግን ሌላም ችግር አለ፤ ኢንተርኔቱ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በኢንተርኔት ተለቅቆ ከተሰረዘ በኋላ፣ በፈተና ወቅት ኢንተርኔት ሲዘጋ አይተናል። በክልላችን ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ማስታወሻውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የቤተ ሰቡን ፎቶ ሁሉ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ያኖረ ሰው፣ የይለፍ ቃሉን እያወቀ ሊከፍተው አልቻለም። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ ቢያንስ በሁለት ቦታ ማኖር ያስፈልጋል፤ አንዱ በእጅ፣ አንዱ በሩቅ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ብራናው በደብሩ ቀረ፤ ቅጂው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ዋናው ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ የሚገኝበት መንገድ ኖረ።

በእጅ ያለው ቅጂ ብዙውን ጊዜ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ርካሽና ምቹ ነው፤ ደግሞም ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስ ተሸክሞ የሚዞር ነው። ፎልደሮቹን ሰውሮ በቦታቸው የማስመሰያ ምልክት የሚተክለውን ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ለማሳተሚያ የሚሆን አንድ ፍላሽ፣ ለማስቀመጫ የሚሆን ሌላ ፍላሽ መለየት ይበጃል። የማስቀመጫው ከራስ ኮምፒዩተር በቀር በሌላ አይሰካ። በኅትመት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የተገለበጠውንም ከመውጣታችሁ በፊት አስጠፉት፤ የመታወቂያችሁ ቅጂ የነገው ደንበኛ ሲከፍት ብቅ ሊል ይችላልና።

በመጨረሻ የራሳችንን ቤት ጉዳይ እናንሣ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የአባላት መዝገብ አለ፤ ስም፣ የክርስትና ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ቀድሞ ይህ በአንድ ትልቅ ደብተር ተጽፎ በጸሐፊው መሳቢያ ይቆለፍ ነበር። ዛሬ ፋይል ሆኖ በቡድኑ ቴሌግራም ይለጠፋል፤ ሁሉም ያወርደዋል፤ በማን በማን ስልክ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የአንዲት እኅት ስልክ ቁጥርና ሰፈር ሳታውቀው በሁለት መቶ ስልክ ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚሰበሰብበት ዓላማ እንዲታወቅና እንዲጠበቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ የሌላውን መሣሪያ መክፈትም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ነገሩ የመተማመን ጉዳይ ነው።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። የመዝሙር ጥናቱ፣ የመርሐ ግብሩ ማስታወቂያና የትምህርቱ ጽሑፍ እንደ ወትሮው በቡድኑ ውስጥ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ይህ በማኅደር ተንጠልጥሎ የሚወርደው ነው። የአባላት መዝገብ ግን ከቡድኑ ይነሣና በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂም በፍላሽ ሆኖ ሙዳየ ምጽዋቱ በሚቆለፍበት ክፍል ይቀመጥ። ቃሉን ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና አንድ ሌላ ኃላፊ ይወቁት። ጸሐፊው ተመርቆ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ርክክቡ በዕለቱ ይደረግ፤ ማኅተሙና ደብተሩ ሲቆጠሩ ቃሉም ይለወጥ፤ የቡድኑ አካውንት የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝርም በተረካቢው ፊት ተከፍቶ የተሰናባቹ ስልክ ይሰረዝ። ይህ ለሥራ አመራሩ ስብሰባ እንዲቀርብ በጽሑፍ አዘጋጅተናል፤ አስተያየት ያላችሁ ከእሑድ መርሐ ግብር በኋላ ልታነጋግሩን ትችላላችሁ።